«እስቲ ነድቼ ልየው» ላለ ገዢ ቁልፍ ከመስጠት በፊት

ያገለገለ ሞተር ሳይክል የሚገዛ ሰው ነድቶ ማየት ይፈልጋል፤ ልክም ነው። ፍሪሲዮን መንሸራተቱ፣ ማርሽ መዝለሉ፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን መጎተቱ ቆመው ቢያዩት አይታወቅም። «አይነዳም» ብሎ የሚከለክል ሻጭ የሚደብቀው ነገር እንዳለ ያስጠረጥራል። ስለዚህ ይነዳ። ግን ቁልፉ የሚሰጠው የተስማማችሁበት ሙሉ ዋጋ እጃችሁ ከገባ በኋላ ነው።

ቀብድ አይበቃም። የመጣበትን መኪና ቁልፍ በመያዣነት መቀበልም አያዋጣም፤ መኪናው የራሱ ላይሆን ይችላል። አብሮት የመጣውን «ጓደኛ» ማስቀረትም ዋስትና አይደለም፤ ዞር ስትሉ እሱም ይሄዳል። ጥሬ ገንዘብ ከሆነ ከጉዞው በፊት ቆጥሩት፣ ሐሰተኛ ኖት እንዳይኖርበት መርምሩት። በባንክ ካስተላለፈ የእሱን ስልክ መልእክት አትመኑ፤ ገንዘቡ በራሳችሁ ሂሳብ ላይ መግባቱን ተመልከቱ።

ይህ እንዲሆን ዋጋው ከሙከራው በፊት ያለቀ መሆን አለበት። በአንድ ገጽ ወረቀት የሁለታችሁን ስም፣ የገዢውን መንጃ ፈቃድ ቁጥር፣ የታርጋና የሻንሲ ቁጥር፣ የተቀበላችሁትን ገንዘብና የመነሻ ሰዓት ጻፉ። ስምምነቱም እንዲህ ይጻፍ፦ ሞተር ሳይክሉ እንደወጣ ከተመለሰና ገዢው ካልወደደው ገንዘቡ በሙሉ ይመለስለታል፤ ከወደቀ ወይም ከተጋጨ እንደገዛው ይቆጠራል። ሁለታችሁም ፈርሙ፣ አንድ አንድ ቅጂ ያዙ። ወረቀቱ የማይሸፍነው ግን አለ፦ ገዢው መንገድ ላይ ሌላ ሰው ቢገጭ ጣጣው እናንተም ዘንድ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ኢንሹራንሳችሁ በእናንተ ፈቃድ የሚነዳን ሌላ ሰው ይሸፍን እንደሆነ ቀደም ብላችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ስሙ ለተጻፈ አሽከርካሪ ብቻ የሚሠራ ውል አለ። የማይሸፍን ከሆነ በሕዝብ መንገድ ላይ አይነዳ። መንጃ ፈቃዱም ለሞተር ሳይክል የተሰጠ መሆኑን አይታችሁ ፎቶ አንሱት። ሄልሜት ሳያደርግ የመጣ ገዢ ሄልሜት እስኪያመጣ ድረስ ይጠብቅ።

ገዢው ከመድረሱ በፊት ሞተሩን አታሙቁት። ብልህ ገዢ መጀመሪያ ሞተሩን በእጁ ይነካል፤ ሞቆ ካገኘው በብርድ የማይነሳ መስሎት ዋጋ ይቆርጣል። የጎማውን ንፋስ፣ የካቴናውን ልቀት አስተካክሉ (በብዙዎቹ የከተማ ሞተር ሳይክሎች ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ትክክለኛው በመመሪያው ላይ አለ)። ሊብሬውንና ትርፍ ቁልፉን ከወንበሩ ሥር አውጡ። ወረቀቱን ከነሞተሩ ለወሰደ ሌባ መሸጡን አቅልላችሁለታል።

ብዙ ጊዜ መውደቅ የሚደርሰው በፍጥነት ሳይሆን በእርምጃ ፍጥነት፣ ሲነሱና ሲዞሩ ነው። ፍሪሲዮን የሚይዝበት ቦታ ከሞተር ሞተር ይለያያል፤ ያልለመደው ሰው ቶሎ ይለቀዋል፣ ሞተሩም ይጠፋል ወይም ይዘላል። ከዚያ የከፋው መሪው ታጥፎ ሳለ የፊት ፍሬንን ጭምድድ አድርጎ መያዝ ነው፤ ክብደቱ ወደ ታጠፈበት ጎን ይወርድና እግር አይመልሰውም። እንዲህ የወደቀ ሞተር ሳይክል የፍሬን ወይም የፍሪሲዮን እጀታው፣ ስፖኪዮው፣ ፍሬቻው ይሰበራል። በግራ ከወደቀ የማርሽ ፔዳሉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ አንዳንዴም የሞተሩን ክዳን ሰንጥቆ ዘይት ያስፈስሳል።

ስለዚህ ከግቢ ሳይወጣ ተመልከቱት። ሞተሩ ላይ ሲወጣ የፊት ፍሬን ይዞ ነው ወይስ ሞተሩ እየተንሸራተተበት? ፎሌ ላይ (ማርሽ ሳይገባ) መሆኑን ያያል? የጎን ማቆሚያውን ያነሳል? ማቆሚያው ሲወርድ ሞተሩን የሚያጠፋ ስዊች የሌላቸው አሮጌ ሞተሮች ላይ የተረሳ ማቆሚያ በግራ ጥምዝ መሬት ይነካና ይጥላል። አሥር ሜትር ነድቶ እንዲቆም ጠይቁት። እግሩ መሬት በደንብ ካልደረሰ ወይም እጁ ከተንቀጠቀጠ በትህትና እምቢ በሉ። በምትኩ እናንተ እየነዳችሁ ከኋላ አስቀምጡት፤ ፍሬኑን በእጁ አይፈትንም እንጂ የሞተሩን ድምፅና የማርሹን አገባብ ይሰማል። እሱ እየነዳ እናንተ ከኋላ መቀመጥን ግን ፈጽሞ አልመክርም። የሰው ክብደት ሲጨመር ሞተሩን የማያውቅ ሰው የባሰ ይቸገራል።

መንገዱን እናንተ ምረጡ፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። ጭር ያለ፣ ጠባብ መዞሪያ የሌለው፣ አንድ ጊዜ ጠንከር ብሎ ፍሬን ለመያዝ የሚመች ቀጥታ ያለው ይሁን። ጎማው አዲስ ከሆነ ገና ሙልጭልጭ ስለሚል በጥምዝ እንዳያጋድለው ንገሩት። ከመነሳቱ በፊት የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንና አራቱንም ጎን ፎቶ አንሱ።

ሲመለስ ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ እጃችሁ ይግባ። የእጀታዎቹን ጫፍ፣ የእግር ማሳረፊያውን፣ የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ጎን ከፎቶው ጋር አስተያዩ፤ ከሥር የዘይት ጠብታ እንዳለ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ገንዘብ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።