ሊትማን፣ ናፍዕ እና የእቴቴ እንጉርጉሮ

አራት ኪሎ አንዲት ትንሽ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት አለችኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ መጠረዣ። ግንቦት ሲመጣ ከስድስት ኪሎ የሚወርዱ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ሁሉም የሚያስረክበው ነገ ነው።

ባለፈው ግንቦት አንድ የፎክሎር ተማሪ በፍላሽ የድሮ መጽሐፍ ስካን ይዞ መጣ። «ይቺን ፕሪንት አድርጊልኝ» አለኝ። ወረቀቱ መውጣት ሲጀምር ዓይኔ ፊደሉ ላይ ቀረ። የኛው ፊደል ነው። አንዱን ገጽ አንስቼ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አፌ ላይ ጥሩ ሆኖ ይወጣል፤ ግን አንድም መስመር አልገባኝም።

«ትግርኛ ነው?» አልኩት።

«አይደለም፣ ትግረ ነው።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለቱ ለኔ አንድ ነበሩ። ትግረ ኤርትራ ውስጥ፣ ከከረን ዙሪያ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ የሚነገር ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው። የግእዝ የቅርብ ዘመድ ነው። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ በዚሁ ፊደል እንጀራዬን ስበላ፣ በዚያው ፊደል የተጻፈ የሌላ ሕዝብ ሙሾ መኖሩን አላውቅም ነበር። በጣም ነው ያስደነገጠኝ።

መጽሐፉን ያሳተመው ሰው ኤኖ ሊትማን ይባላል። ልጁ ጽሑፉን አስጠርዞ ሄደ፤ ሊትማን ግን ከኔ ጋር ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ ስለሱ ሳነብ ነው የከረምኩት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሊትማን በ1875 ሰሜን ጀርመን ውስጥ ኦልደንበርግ ከተማ ተወለደ። የሴም ቋንቋዎችን አጠና፤ ከመምህራኑ አንዱ ስመ ጥሩው ቴዎዶር ኖልዴከ ነበር። ወጣት ሳለ ሶርያ በረሃ ሄዶ ድንጋይ ላይ የተቧጨሩ የጥንት ዘላኖች ጽሑፎችን አንብቧል። በ1904 የአክሱሞችን የንግሥተ ሳባ ተረት አሳተመ። በዚያ ተረት ውስጥ ንግሥቲቱ እትዬ አዜብ ነው የምትባለው። ለዘንዶ ተሰጥታ ዛፍ ላይ ታስራ ሳለ ቅዱሳን መጥተው ዘንዶውን ገደሉት፤ ደሙ እግሯ ላይ ጠብ አለና ተረከዟ የአህያ ሆነ። ወደ ሰሎሞን የሄደችውም ለመዳን ነው። እቴቴ ይህን ብትሰማ እንዴት ደስ ባላት! «እትዬ» የሚለው ብቻ ይበቃታል።

እቴቴ አያቴ ናት። ወደሷ እመለሳለሁ።

በ1905 ሊትማን በአሜሪካው ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ስም ኤርትራ ውስጥ ወዳለው፣ ትግረ ወደሚነገርበት የመንሳዕ ሰዎች አገር፣ ገለብ ወደምትባል መንደር ሄደ። እዚያ የስዊድን ሚሲዮናውያን ነበሩ። ዕድሜው ገና 30 ነው። ቀጥሎ ደግሞ የጀርመን መንግሥት ወደ አክሱም የላከውን የጥናት ጓድ እንዲመራ ተመረጠ። በ1906 መጀመሪያ አክሱም ገብተው ሦስት ወር ያህል ቆዩ። ሐውልቶቹን ለኩ፣ የንጉሥ ኢዛናን ጽሑፎች ገለበጡ፣ ፎቶ አነሱ። ውጤቱ በ1913 በአራት ቅጽ ወጣ። ስለ አክሱም የሚጽፍ ሰው እስከ ዛሬ ያንን ሳይጠቅስ አያልፍም። እኔ ራሴ በየዓመቱ በማዋቅራቸው የዋቢ ገጾች ላይ ስሙን ስንት ጊዜ ተይቤዋለሁ፤ ሰውየውን ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ብዙዎች ሊትማንን የሚያውቁት በአክሱም ነው። እኔን የያዘኝ ገለብ ነው።

የፕሪንስተኑ ጉዞ ውጤት ከ1910 እስከ 1915 ላይደን ከተማ ታተመ። ተረት አለው፣ ልማድ አለው፣ የሰው ስም አለው፣ ሙሾ አለው። ዘፈኖቹ ብቻቸውን ከ700 በላይ ናቸው። ተረቱ ወደ እንግሊዝኛ፣ ዘፈኖቹ ወደ ጀርመንኛ ተተርጉመዋል፤ ዋናው ግን በራሱ በትግረ፣ በግእዝ ፊደል ነው የተቀመጠው። እንደ ጸሐፊ ልንገራችሁ። ያኔ እያንዳንዱ ፊደል የብረት ነው፣ በእጅ እየተለቀመ ነው የሚደረደረው። ቋንቋውን የማያውቅ ሠራተኛ ሆላንድ ውስጥ ቁጭ ብሎ የእረኛ ዘፈን በግእዝ ፊደል ሲደረድር ይታያችሁ። እኔ በኪቦርድ እንኳ «ሸ»ን እና «ሽ»ን ስንቴ እሳሳታለሁ።

ደግሞ ዘፈኑ እንዲሁ ሜዳ ላይ የተጣለ አይደለም። ማን እንደገጠመው፣ በምን ምክንያት እንደተባለ አብሮ ተጽፏል። ይሄ ነው ሆዴን የበላኝ።

ይህን ሁሉ ሊትማን ብቻውን አላደረገውም። ናፍዕ ወድ ዕትማን የሚባል የመንሳዕ ተወላጅ ወጣት ነበር። ከሚሲዮኑ ጋር የሠራ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ የአገሩን ተረትና ግጥም የሚያውቅ። ሽማግሌዎቹን የጠየቀው፣ ቃል በቃል የጻፈው እሱ ነው። በኋላ ሊትማን ስትራስቡርግ ፕሮፌሰር ሆነ፤ ከተማዋ ያኔ በጀርመን ሥር ነበረች። ናፍዕንም ወደዚያ ጠራው፤ አብረው ቁጭ ብለው ጽሑፉን መስመር በመስመር አዩት። ከዚያ ናፍዕ በ1909 ወደ አገሩ ሲመለስ ባሕር ላይ ጠፋ። ገለብ አልደረሰም። መጽሐፉንም ታትሞ አላየውም። የስንቱን ሙሾ ሰብስቦ፣ ለሱ ሙሾ ያወረደለት ማን ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ሊትማን ግን ስሙን አልዋጠውም። መቅድሙ ላይ አለ። እኔም ሊትማንን የወደድኩት በዚህ ነው።

ሌላውን የሕይወቱን ክፍል በአጭሩ ልለፈው። ካይሮ አስተምሯል፤ ታላቁ የግብፅ ጸሐፊ ጣሃ ሁሴን ከተማሪዎቹ አንዱ ነበር። በ1914 በጥንት አማርኛ ለነገሥታት የተገጠሙትን ግጥሞች የሚመለከት ሥራ አሳተመ። አምደ ጽዮን፣ ይስሐቅ፣ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ገላውዴዎስ የተወደሱባቸው ናቸው። ከ1921 ጀምሮ ቱቢንገን ኖረ። ሺህ አንድ ሌሊትን ከዐረብኛ ወደ ጀርመንኛ በስድስት ቅጽ መለሰ። በ1958 ሞተ። የትግረ መዝገበ ቃላቱን አብራው የሠራችው ማሪያ ሆፍነር ናት፤ ታትሞ ያለቀው እሱ ከሞተ በኋላ በ1962 ነው።

አሁን ወደ እቴቴ።

እቴቴ የመንዝ ሰው ናት። ጥጥ ስትፈትል ታንጎራጉራለች። በኛ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ጋደም ብዬ በስልኬ ቀዳኋት፤ አርባ ደቂቃ ያህል። በዓመቱ አረፈች። ከዚያ ስልኬ ተበላሸና ለሠሪ ሰጠሁት። ሠሪው ሳይጠይቀኝ ፎርማት አደረገው። ሚሞሪው ውስጥ የነበረው ሁሉ ሄደ። ስልኩ ይሠራል፣ እቴቴ የለችም። እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አሁን በቃሌ የቀረኝ ይቺ ብቻ ናት፦

እንዝርቴ ዙሪልኝ ፈትሌ ይርዘምልኝ፣
ልጄ ደጋ ወጥቶ ብርድ እንዳይመታብኝ።

ከአክሱሙ ጓድ ጋር ኤሪክ ካሽከ የሚባል ሐኪም ነበር። ፎኖግራፍ የሚባል የድሮ ድምፅ መቅጃ ይዞ ነበር። ዘፋኙ በጥሩንባው ውስጥ ይዘፍናል፣ መርፌዋ ሰም ላይ ትጭራለች። አንዱ የሰም ሲሊንደር ከሁለት ሦስት ደቂቃ በላይ አይዝም። ሙቀት ያቀልጠዋል፣ ሻጋታ ይበላዋል፣ ቢወድቅ ይሰበራል። ያም ሆኖ በ1906 አክሱም ላይ የተቀዳው ድምፅ በርሊን ደርሶ፣ ሁለት የዓለም ጦርነት አልፎ አለ። የሚገኝበት የበርሊን የድምፅ ማኅደር የድሮ የሰም ቅጂዎች በ1999 የዩኔስኮ የዓለም ትውስታ መዝገብ ላይ ገብተዋል። ይህን ያነበብኩ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የኔ የጠፋው በሰም አይደለም፣ በጥንቃቄ ጉድለት ነው። ሌላ ቦታ አልገለበጥኩትም።

ስለዚህ ጀምሬያለሁ። አክስቴ፣ የእቴቴ ታናሽ ልጅ፣ ቀበና ናት። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሄዳለሁ። ቡና ታፈላለች፣ እኔ ስልኬን ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጣለሁ። ማታውኑ ሁለት ፍላሽ ላይ እገለብጠዋለሁ፤ አንዱ ሱቅ፣ አንዱ ቤት ይቀመጣል። ከዚያ በጽሑፍ እተይበዋለሁ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን እንዳለው እጽፋለሁ፤ እንደነ ናፍዕ።

ሦስተኛው እሁድ ላይ የእንዝርቷን ግጥም አነሳሁላት። ሲኒውን አስቀመጠችና ዝም አለች። ከዚያ እኔ የማላውቃቸውን አራት መስመሮች ቀጠለችበት። አላስቻለኝም።

«የእቴቴ ናቸው አይደል?» አልኳት።

«አይ ልጄ፣ የሷ አይደሉም። ከጎረቤታችን የተማረቻቸው ናቸው፤ ሸማኔ ባል የነበራት። እኔ ልጅ ሆኜ አውቃታለሁ።»

ስሟን ነገረችኝ። ከነአባቷ ጻፍኩት። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን አየችና «አባቷ በዐይኑ ዐ ነው» ብላ አሳረመችኝ።