ሬንደር ላይ ነው

የሙሽራዋ እናት በየሁለት ቀኑ ይደውላሉ። ሰዓታቸው አይዛነፍም፤ ልክ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። «ልጄ፣ እንደምን አደርክ? ያ ቪዲዮ አለቀ?» ይላሉ። እኔም በቃሌ ያጠናሁትን እመልሳለሁ፤ «እማማ፣ ሬንደር ላይ ነው።»

ሬንደር ማለት ኮምፒውተሩ የተቀናበረውን ቪዲዮ አጠቃሎ አንድ ፋይል አድርጎ ሲያወጣ ነው፤ እሳቸው ግን ምን እንደሆነ ጠይቀውኝ አያውቁም። አንድ ቀን ግን ስልኩን ሳይዘጉ አጠገባቸው ላለ ሰው «ምስኪን፣ ሬንደር የሚባል ነገር ይዞት ነው» ሲሉ ሰማሁና አፈርኩ። ትንሽ ቢቆዩ ጠበል ሊወስዱኝ ነበር።

ሠርጉ የተቀረጸው በጥር ነው፤ ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ ፋሲካ ካለፈ በኋላ። እኛ ሠርግ ቀራጮች እንዲህ ነን። በጥር እንሯሯጣለን፣ ጾሙ ሲገባ እንተኛለን፣ ጾሙ ሲፈታ ከስልክ እንሸሸጋለን።

ሳሪስ ያለችው ክፍሌ ውስጥ የሚሠራው ኮምፒውተር ባለ አራት ኮር (አራት የሥራ እጅ ብቻ ያለው) ሽማግሌ ነው። ከቤተ ክርስቲያን እስከ መልስ ያለውን 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ፊልም አጠቃሎ ለማውጣት 11 ሰዓት ይፈጅበታል። አይፈረድበትም። ቪዲዮ በሰከንድ 25 ፎቶ ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ፎቶ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለው። ይህ ሠርግ ሳይታመቅ እንዳለ ቢቀመጥ 1 ቴራባይት ያህል ቦታ ይበላል። ስለዚህ ኢንኮደር የሚባለው ሠራተኛ አንዱን ፎቶ ከሚቀጥለው ጋር እያስተያየ ያልተለወጠውን ይተዋል፤ የተለወጠውን ብቻ ይጽፋል። በእኔ ኮምፒውተር ውስጥ ይህን ሁሉ የሚሠራው ያው ፕሮሰሰሩ፣ የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ነው። ቤት ጠራጊውም፣ ወጥ ሠሪውም፣ ዘበኛውም እሱ።

መብራቱ ደግሞ አለ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ጀምሬው እተኛለሁ፤ ሲነጋ 97 በመቶ ላይ ሲደርስ መብራት ይሄዳል። «97 በመቶው አለ አይደል? እሱን ስጣቸው» ያለኝ ሰው አለ። የዚህ ዓይነቱ ፋይል ማውጫ፣ የትኛው ምስል የት እንዳለ የሚናገረው ዝርዝር፣ የሚጻፈው በአብዛኛው መጨረሻ ላይ ነው። ማውጫው ካልተጻፈ ሙሽራውም ሙሽራይቱም እዚያው ውስጥ ተቀብረው ይቀራሉ፤ የሚከፍታቸው የለም። ሁለት ጊዜ እንዲህ ቀብሬያቸዋለሁ።

ረዳቴ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ሁለተኛው ቀብር ዕለት «ጋሼ፣ ለምን ኢንኮደር ያለው የግራፊክስ ካርድ አይገዙም?» አለኝ። ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ ኋላ ነው የተረዳሁት። ፕሮሰሰር ሠሪው ኢንቴል በፕሮሰሰሩ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ካርድ ሠሪው ኤንቪዲያ በካርዶቹ ላይ በ2012 ቪዲዮ ከማመቅ በቀር ሌላ ሥራ የማያውቅ ራሱን የቻለ ክፍል መግጠም ጀምረዋል። እኔ ያኔ ገና በካሴት እቀርጽ ነበር። ካሴት ከተውኩ በኋላም ቢሆን የሚያስቸኩለኝ አልነበረም፤ ሬንደር ላይ ነው የሚል ሰው ምን ያስቸኩለዋል?

ገዛሁ። ዋጋውን አልናገርም፤ አንድ ሠርግ ከነመልሱ ቀርጬ ያገኘሁት ሄደበት። ባለቤቴ ካርቶኑን ገልብጣ አይታ «ይኼ ሁለት ማራገቢያ ነው እንዴ?» አለችኝ። ነገሩ ከውጭ ሲታይ ልክ እንዳለችው ነው።

የኮምፒውተሩን ጎን ፈታሁት። ከተገዛ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም። አቧራው እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ነው፤ አንድ የጠፋ ቁልፍ፣ ሁለት የሞቱ በረሮዎችና የልጄ የወተት ጥርስ ተገኘ። (ጥርሱ እዚያ እንዴት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ልጄ ጣራ ላይ ወርውሬዋለሁ ነው የሚለው።) በብሩሽ ጠርጌ፣ እጄ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ብረቱን ነካ አድርጌ ካርዱን ወደ ረጅሙ ማስገቢያ አስጠጋሁት። አልገባም። ከፊቱ ሃርድ ዲስኩ ተጋርጧል። ሃርድ ዲስኩን ነቅዬ ወደ ላይ አዛወርኩት። አሁንም አልገባም፤ ከኋላ ያለው ቀጭን ቆርቆሮ አልተነሣም። ቆርቆሮውን ሳነሣ ጣቴን ቆረጠኝ። ጣቴን በፕላስተር ጠቅልዬ ተመለስኩና ሳልጫነው አስቀመጥኩት፤ ውድ ዕቃ ነው፣ ማን ይጫነዋል? ረዳቴ «ጋሼ፣ ቀጭ እስኪል ነው» አለኝ። ዐይኔን ጨፍኜ ተጫንኩት። ቀጭ አለ። ልቤም አብሮ ቀጭ አለ።

ማስገቢያው ራሱ ለካርዱ የሚሰጠው ኃይል ቢበዛ 75 ዋት ነው። የእኔው ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ ባለ ስድስት ቀዳዳ ገመድ ከፓወር ሰፕላዩ መጥቶ ይሰካበታል። ሰካሁ። አበራሁ። ስክሪኑ «ሲግናል የለም» አለ። ለዚህ ሁለት ሰዓት አለቀብኝ፤ ምክንያቱ የስክሪኑ ገመድ በአዲሱ ካርድ ፈንታ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ እንደ ድሮው ተሰክቶ መቅረቱ ነበር። ይህን በአጭሩ ልለፈው።

ሥዕል መጣ፤ እልል አልን። ሶፍትዌሩን ጫንን፣ ሠርጉን ከፈትን፣ ሬንደር የሚለውን ተጫንኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ካርዱን አየሁት። ማራገቢያዎቹ አይዞሩም። ሁለቱም ቀጥ ብለው ቆመዋል። የቀረውን ጊዜ የሚያሳየው ቁጥር ደግሞ ያንኑ 11 ሰዓት ይላል።

የሞተ ካርድ ተሸጦልኛል!

በማግስቱ ካርዱን ነቀልኩት። የመጣበትን ከረጢት ረዳቴ ከቆሻሻ ጋር አውጥቶት ነበርና ባለቤቴ በፎጣ ጠቀለለችልኝ፤ በፌስታል አድርጌ ሜክሲኮ የሚል ታክሲ ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ፎጣው ገለጥ ሲል አይተው «ልጄ፣ ምድጃ ነው?» አሉኝ። «አይደለም እማማ፣ ማፋጠኛ ነው።» «ምን ያፋጥናል?» «ሠርግ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «የኔ ልጅ አርባ ሊሞላት ነው፤ ስንት ገዛኸው?» አሉኝ።

ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ጩኸቴን በትዕግሥት ሰማኝ። ካርዱን በራሱ ኮምፒውተር ሰካ፣ የሆነ የመኪና ጨዋታ ከፈተ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሁለቱም ማራገቢያዎች ተነሥተው ሿ አሉ። «ይኼ ሲሞቅ ብቻ ነው የሚዞረው» አለኝ። «ካልሞቀ ያርፋል። የሚሞቀው ደግሞ ሥራ ሲበዛበት ነው። እርስዎ ምን ሥራ ሰጥተውት ነበር?»

ሥራ? ሠርግ ነዋ!

«ቅንብሩ ውስጥ ኢንኮደሩን ከሶፍትዌር ወደ ሃርድዌር ቀይረውታል?»

በዚያች ቅጽበት ፌስታሉ ውስጥ ገብቼ ብጠፋ እወድ ነበር። ፕሮግራሙ ካርድ ስለተገዛ በራሱ ሥራ አያዛውርም፤ ምረጥ ይልሃል። እኔ ደግሞ ያንን መስኮት ለስምንት ዓመት ሳላነብ እሺ ስለው ኖሬያለሁ። የቀን ሠራተኛ ቀጥሬ፣ ምሳውን አብልቼ፣ በር ላይ አስቀምጬ፣ ድንጋዩን ያንን ሽማግሌ ማሸከሜ ነው። ልጁ ሌላም ነገር አሳየኝ፤ የኮምፒውተሩን ሥራ የሚቆጣጠረው መስኮት ውስጥ የካርዱን ኢንኮደር ለብቻው የሚያሳይ ግራፍ አለ። ካርዱ እየሠራ ከሆነ መስመሩ ከፍ ይላል። «ማራገቢያውን ተዉት፣ ይህን ይዩ» ብሎ ሸኘኝ። ስመለስ ካርዱን ደረቴ ላይ አቅፌ ነው የተመለስኩት፤ ስሙን አጥፍቼበታለሁና።

ቤት ገብቼ ሰካሁት፤ የስክሪኑንም ገመድ ጭምር። ቅንብሩን ለወጥኩ። መስመሩ ከዜሮ ተነሥቶ ሽቅብ ወጣ። 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃው ሠርግ በ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ወጣ! ራት እየበላን ሳለ አለቀ። ረዳቴና እኔ ተያየን። ለስምንት ዓመት በዚህ ሰዓት ተኝቼ ነበር የማድረው፤ ምን እንደሚደረግ ጠፋኝ።

ስህተቴ እዚህ ላይ ይጀምራል። በደስታ ብዛት የሙሽራዋ እናት ዘንድ በራሴ እጅ ደወልኩ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ደንግጠው «ምን ሆንክ ልጄ?» አሉኝ። «እማማ፣ አዲስ ካርድ ገዝቻለሁ! ከእንግዲህ ሬንደር የሚባል ነገር የለም፤ ሙሉ ሠርግ በ1 ሰዓት ያወጣል!» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ታዲያ እስከ ዛሬ በ1 ሰዓት የሚያልቅ ነገር ነው ሦስት ወር የያዝከው?» አሉ።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። ከሦስቱ ወር ውስጥ የኮምፒውተሩ ድርሻ 11 ሰዓት ነበር፤ ከሁለቱ ቀብሮች ጋር 33 ሰዓት እንበል። የቀረው የእኔ ነው። በእንቅልፍ፣ በኳስ፣ ነገ እጀምራለሁ በማለት ያለቀ። ያ ሽማግሌ ኮምፒውተር ጋሻዬ ነበር፤ ጋሻዬን በገዛ ገንዘቤ አስወጋሁት። «ነገ እሑድ ዘመድ አለ፤ ከቅዳሴ መልስ ይዘኸው ና» ብለው ዘጉት።

ጠዋት ፋይሉን በፍላሽ ልገለብጥ ስል ፍላሹ እምቢ አለ። ፍላሹ 32 ጊጋባይት ነው፣ ፋይሉ 16 ተኩል፤ ቦታ ሞልቶ ተርፏል። ችግሩ ፍላሹ የተሰናዳበት አሮጌ ሥርዓት ነው፤ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ከበለጠ አይቀበልም። ጎተራ ሰፊ ቢሆንም በሩ ከጠበበ ትልቅ ጆንያ እንደማይገባ ማለት ነው። ሠርጉን አምስት ቦታ መቁረጥ ይቻል ነበር። እኔ ግን ካርዱን ተማምኜ ለእያንዳንዱ ሰከንድ ቪዲዮ የሚመደበውን ዳታ ከ10 ሜጋቢት ወደ 2.4 ዝቅ አድርጌ እንደገና አወጣሁት። ከ4 ጊጋባይት በታች ሆነልኝ። መጀመሪያውን አምስት ደቂቃ ብቻ ከፍቼ አየሁ፤ ካህኑ ቆመው ያነባሉ፣ ጥርት ያለ ነው። ወጣሁ።

ቤቱ ሞልቷል። ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ቡናው እየተቆላ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ግድግዳውን አክሏል። ቤተ ክርስቲያኑ አማረ። ፎቶ መነሣቱ አማረ። ኬኩም ደህና። ከዚያ ጭፈራው መጣ።

ኢንኮደሩ ያልተለወጠውን ይተዋል፣ የተለወጠውን ይጽፋል ብያለሁ። እስክስታ ላይ ያልተለወጠ ምን አለ? ትከሻው ይሄዳል፣ ነጠላው ይበራል፣ ከላይ የሚበተነው ብልጭልጭ ወረቀት ደግሞ በየፎቶው ቦታውን ይቀይራል። 2.4 ሜጋቢት ይህን ሁሉ አይችልም። ፕሮሰሰሩ ቢሆን ተረጋግቶ፣ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ያለችውን ያብቃቃ ነበር፤ ካርዱ ግን ለፍጥነት የተፈጠረ ነው፣ ያለውን በትኖ ያልፋል። የሙሽራዋ አክስት ወደ መሃል ገብተው ትከሻቸውን ሲነቀንቁ ከአንገታቸው በታች ወደ ካሬነት ተለወጡ። ዐሥራ ስድስት በዐሥራ ስድስት ነጥብ የሆኑ ካሬዎች፣ አንድ በአንድ የሚቆጠሩ። የቀሚሳቸው ጥለት መታጠቢያ ቤት የሚለጠፍ ሸክላ መሰለ። ጭፈራው ቆም ሲል አክስት ተመልሰው ይሰበሰባሉ፤ ሲቀጥል ይበታተናሉ።

አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው እንደገና አደረጉ። አንድ ሕፃን «አክስቴ ተሰበረች» አለ። አክስት ራሳቸው ሶፋው ላይ ነበሩ፤ አንዴ ቴሌቪዥኑን፣ አንዴ የራሳቸውን ትከሻ ያያሉ።

የሙሽራዋ እናት ወደ እኔ ዞሩ። ከልማድ የተነሣ አፌ ራሱ ተከፈተ፤ «እማማ፣ ሬንደሩ ላይ ትንሽ...» ብዬ ጀመርኩ።

«በስንት ሰዓት ያወጣዋል ነበር ያልከኝ፣ ያ ካርድህ?»

«በ1 ሰዓት... ከ10 ደቂቃ።»

«ቡናው ገና አቦል ነው» አሉና ፍላሹን ነቅለው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «ለበረካው ትደርሳለህ።»

ጫማዬን አጥልቄ በሩን ሳልፍ ከሶፋው በኩል የአክስት ድምፅ ተከተለኝ፤ «ልጄ፣ ትከሻዬን እንዳትረሳብኝ!»