ቮልት አነሰ ብላችሁ ሬክቲፋየሩን አትወንጅሉ

ከደብረ ሲና የመጣው ሸክላ ማጫወቻ ከሞላ ጎደል ተነስቷል። ላልሰማችሁ፣ ባለ ቲዩብ (በመስታወት አምፖል የሚሠራ) አምፕሊፋየር ነው። ሬክቲፋየሩ፣ ማለትም ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው ቲዩብ፣ ኢዜድ80፣ መሀል ላይ ኢሲሲ83፣ መውጫው ላይ አንድ ኢኤል84። ድምፁ ታፍኖ ይሰነጣጠቅ ነበር፤ ዲያግራሙ 250 ቮልት የሚልበት ቦታ ላይ የማገኘው 205 ነው።

መጀመሪያ የለካሁት የግድግዳውን ሶኬት ነው። አትሳቁ። እዚህ ደብረ ብርሃን ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ 220 ነው የተባለው መብራት ይወርዳል፣ እሱ ሲወርድ ደግሞ ከትራንስፎርመሩ የሚወጣው ሁሉ በዚያው ልክ ይወርዳል። በአንድ ልኬት ይለያል፦ ፊላመንቱ (የቲዩቦቹ ማሞቂያ) 6.3 ቮልት አካባቢ ካለ መብራቱም ትራንስፎርመሩም ደህና ናቸው። የኔው 6.2 ነበር፣ ስለዚህ ወደፊት።

እዚህ ጋ ሲደረስ ነው ብዙ ሰው "ሬክቲፋየሩ ደክሟል፣ ቀይረው" የሚለው። ሊሆን ይችላል፣ ኢዜድ80 ያረጃል። ግን እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ አይደለም፣ ደግሞም ቮልት የሚወርደው ሰጪው (ሬክቲፋየሩ) ስለደከመ ብቻ ሳይሆን ተቀባዩ (ኢኤል84) ከልክ በላይ ከረንት ሲጠጣም ነው። የቱ እንደሆነ የሚነግራችሁ ከረንቱ ነው፤ ለዚያ ምንም ሽቦ መቁረጥ የለም፣ የኢኤል84 ካቶድ (የቲዩቡ ከረንት በሙሉ የሚያልፍበት)፣ 3ኛው እግር ላይ ያለችውን 150 ኦም ረዚስተር ቮልቷን ለክቶ ለ150 ማካፈል ነው። 7.5 ቮልት ቢሆን 50 ሚሊአምፒር፣ ሰላም ነው። እኔ ያገኘሁት 11። ማለት 73 ሚሊአምፒር! አኖዱ ከሚችለው 12 ዋት አልፏል፣ የኢዜድ80 አቅም ደግሞ በጠቅላላው 90 ሚሊአምፒር ነው። ምስኪኑ ሬክቲፋየር ያለ ጥፋቱ ሊነቀል ነበር።

ለምን ይሄን ያህል ጠጣ? ግሪዱ (ሲግናሉ የሚገባበትና ከረንቱን የሚቆጣጠረው)፣ 2ኛው እግር፣ ዜሮ መሆን ሲገባው ወደ 7 ቮልት ፖዘቲቭ ይዟል። ወይ ቲዩቡ ራሱ ነው፣ ወይ ከኢሲሲ83 ሲግናል የሚያሻግረው ካፓሲተር ቮልት እያሳለፈ ነው። አጥፍቼ ኢኤል84ን ነቀልኩና እንደገና አብርቼ ያንኑ ቦታ ለካሁ። ቮልቱ ቢጠፋ ጥፋቱ የቲዩቡ ይሆን ነበር፣ አልጠፋም። ጭነቱ ሲቀል ዋናው ቮልት (ያ 250 መሆን ያለበት) ሽቅብ ስለሚወጣ፣ ይሄን ስታደርጉ ለክታችሁ ቶሎ አጥፉ።

ካፓሲተሩ ሰም የተነከረ የድሮ ወረቀት ነው። እንዲህ ያለውን ሳልለካም ብቀይር ደስ ይለኛል። ከተጣለ የቴሌቪዥን ቦርድ 0.022 ማይክሮፋራድ፣ 630 ቮልት ፊልም ነቅዬ ተካሁት። አሁን ካቶዱ 7.4፣ ዋናው 248፣ ድምፁም ጠራ።

ለጀማሪዎች፦ ከጠፋ በኋላም የፊልተር ካፓሲተሮቹ (ከሬክቲፋየሩ የሚወጣውን ቮልት የሚያለሰልሱት) ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ፣ በረዚስተር አፍስሳችሁ ዜሮ መሆኑን ሳትለኩ እጃችሁን አታስገቡ። በርቶ ስትለኩ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ይሁን፣ በኛ ከተማ ብርድ ይሄ ለማንም አይከብድም።

የቀረው ጉምጉምታው ነው። 100 ኸርዝ ስለሆነ የመጀመሪያውን የፊልተር ካፓሲተር ጠርጥሬዋለሁ፣ ሳይደርቅ አልቀረም። የምፈልገው 47 ማይክሮፋራድ፣ 450 ቮልት ነው። ከ50 በላይ አለኝ የምትሉ ይቅርባችሁ፣ ኢዜድ80 ሲነሳ አይችለውም። ሸዋ ሮቢትም ሆነ ደብረ ብርሃን ሱቅ ያየ ካለ ይጠቁመኝ።