ድመቷ ለምን ተገለበጠች?

ትናንት ማታ ልጄ ኮምፒውተር ላይ የሠራቻት ድመት ከስክሪኑ ዳር እስከ ዳር ሄዳ ተመለሰች። በእግሯ! ለእናንተ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል። እኛ ቤት ግን ለዚች ድመት ሦስት ማታ ሄዷል። ስለዚህ ትንሽ ልጉራ።

ልጄ 9 ዓመቷ ነው። መጀመሪያ የሞከርነው ነጥብና ኮከብ የሚሰጡትን የሒሳብ ጨዋታዎች ነበር። ብዙም ሳትቆይ ማሰቡን ትታ መገመት ለመደች። አራቱን ምርጫ በየተራ ትነካለች፣ አንዱ ልክ ይሆናል፣ ኮከብ ይዘንባል። ኮከብ የሚያድል ድረ ገጽ አልወድም፤ በዚህ አልደራደርም። ካን አካዳሚ የሚባለው የትምህርት ድረ ገጽ ነፃ ነው፣ ጥሩም ነው። ግን እንግሊዝኛው ከበዳትና አጠገቧ ቁጭ ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ። ከሥራ ደክሞኝ እየገባሁ አልዘለቅኩበትም። ጥፋቱ የኔ ነው።

ከዚያ ስክራች መጣ። አሜሪካ፣ ኤምአይቲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሠርቶ በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የወጣ ነፃ የፕሮግራም መማሪያ ነው። ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ኮድ መጻፍ የለም፤ ባለቀለም ብሎኮችን እየጎተቱ መገጣጠም ነው። ከቋንቋ ምርጫዎቹ ውስጥ አማርኛም አለ። እኔ ይህን ያወቅኩት ከወር በኋላ ነው፤ አትሳቁብኝ።

ልጄ ድመቷን 10 እርምጃ የሚያስኬደውን ብሎክ፣ የማያቋርጥ ድግግሞሽ ውስጥ ከተተችው። ድመቷ ሄዳ ሄዳ ጠርዝ ላይ ቀረች። ጠርዝ ስትነካ የሚመልሳትን ብሎክ ጨመርን። ተመለሰች፤ ግን ተዘቅዝቃ፣ እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ! ልጄ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ተናደድኩና ማውሱን ቀማኋት። ሁሉንም አጥፍቼ እንደገና ሠራሁት። ያው ነው። በማግስቱም ሞከርኩ። ያው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስክራች ላይ ወደ ቀኝ ማለት 90 ዲግሪ ነው፣ ወደ ግራ ደግሞ ነጌቲቭ 90። ድመቷ ጠርዙን ነክታ አቅጣጫ ስትቀይር ሥዕሏም አብሮ በ180 ዲግሪ ይዞራል። ጭንቅላቷ ወደ ታች የሚሆነው ለዚህ ነው። መፍትሔው አንዲት ብሎክ ናት፦ አዟዟሯን ግራና ቀኝ ብቻ የምታደርገው። ያገኘቻትም ልጄ ናት። ሦስተኛው ማታ ወጥ ላማስል ስነሳ፣ ሰማያዊዎቹን ብሎኮች አንድ በአንድ እያስገባች ሞከረቻቸው። እኔ ብቀመጥ ኖሮ እስካሁን እንታገል ነበር።

ስለዚህ ወላጆችም መምህራንም፣ ማውሱን አትንኩ። ይህን የምለው እኔ ዛሬ ጠዋትም ነክቻለሁ።

ኔት ለሚያስቸግራችሁ፣ ስክራችን አውርዳችሁ ላፕቶፕ ላይ ጫኑት። ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉት ስክራች ጁኒየር አለላችሁ፤ ማንበብ አይጠይቅም። ለንባብ አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የአማርኛ ተረቶች አሉ። የሳይንስ መምህራን ደግሞ የሳይንስ ሙከራዎችን በስክሪን የሚያሠራውን ፌት (PhET) እዩት፤ የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን በ2002 እ.ኤ.አ. ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጀመረው ነው። ቤተ ሙከራ የሌለው ክፍል ውስጥ ባትሪና አምፖል በስክሪን ማገናኘት ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ድመታችን ስመለስ፣ አሁንም ድምፅዋ "ሚያው" ብቻ ነው። ስክራች ላይ የራስን ድምፅ መቅረጽ ስለሚቻል ልጄ የአያቷን ካላስገባሁ ብላለች። እናቴ ግን አሻፈረኝ አለች። "ድምፄንማ ለድመት አልሰጥም!"