ኤርፖርት ስንደርስ እንበላለን

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ለሥራ እንጅባራ ሰንብተን ወደ አዲስ አበባ ልንመለስ ነው፤ የከሰዓቱን በረራ ከባሕር ዳር ይዘናል። አምስት ነን። የጉዞውን ጉዳይ የምከታተለው እኔ ነበርኩ።

የመጨረሻው ስብሰባ ተራዘመ። ዳንግላ ስንደርስ ሾፌሩ "ሽሮ ቶሎ ይደርሳል፣ ምሳ እዚህ እንብላ?" አለ። ሰዓቴን አየሁና "አይ፣ ኤርፖርት ስንደርስ እንበላለን" አልኩ።

ፍተሻውን አልፈን ስንገባ ያገኘነው ኬክና የእንቁላል ሳንድዊች ነው። ለጾመኛ ከሻይ በቀር ምንም የለም። ዋጋውም ከተማ ከለመድነው በጣም ይበልጣል። ጋሼ የምንላቸው የሒሳብ ሠራተኛችን "ተዪው ልጄ፣ በረራው አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፤ እዚያው እበላለሁ" አሉ። በረራው ግን ዘገየ።

ጋሼ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ጠዋት ተወግተው ቁርስ ቀምሰዋል፤ ምሳ ግን የለም። መድኃኒቱ ሥራውን አያቆምም፤ ምግብ ካልተከተለው ስኳሩን ያወርደዋል። ይህን አውቅ ነበር፤ ዳንግላ ላይ ግን ያሰብኩት ሰዓቱን ብቻ ነው።

ድንገት ላብ አጠመቃቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። "ደህና ነዎት?" ብላቸው የማይገናኝ ነገር መለሱልኝ። በመለኪያቸው ስንለካ 52 አለ። ከ70 ከወረደ ወዲያው ስኳር መውሰድ ያስፈልጋል። አንዲት እናት ቋጠሯቸውን ፈተው ቆሎ ዘረጉልን። አጠገባችን የተቀመጠ ነርስ ግን "ቆሎው ይቆይ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ስኳር!" አለ። የካፌዋ ልጅ ሻይ ያቃጥላል ብላ ሦስት ማንኪያ ስኳር በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣ እየሮጠች አመጣች። መዋጥ ይችሉ ስለነበር አጠጣናቸው። 15 ደቂቃ ጠብቀን ስንለካ 81 ሆነ። ቆሎውን የበሉት ያኔ ነው፤ ስኳሩ ተመልሶ እንዳይወርድ።

ሒሳብ ስከፍል ልጅቷ ለስኳሩ ምንም አልተቀበለችኝም።

ከዚያ ወዲህ ባዶ እጄን ኤርፖርት አልገባም። ጎጃም ላይ ደግሞ ምን ጠፍቶ! ገብስና ሽምብራ የተቀላቀለበት ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ከዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ። ከተማ ውስጥ ስንገዛው አምስታችንን የሚያጠግበው ዋጋው ኤርፖርት ከሚሸጠው የአንድ ሰው ሳንድዊች ያንሳል። በሶ በዱቄቱ ይያዛል፤ ውኃው ከፍተሻ በኋላ ይጨመራል። ማር የገዛ ወደ ውጭ አገር የሚቀጥል ከሆነ ወደሚጫነው ሻንጣ ያስገባው፤ ማር እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር ከ100 ሚሊ ሊትር የበለጠ በእጅ አያሳልፉም። ኢንሱሊን ግን በተቃራኒው ነው፤ ሻንጣው የሚጫንበት ቦታ ሊቀዘቅዝ ስለሚችል ከባለቤቱ እጅ አይለይም።

ምሳ መብያ ሰዓትም በጉዞ ዕቅዱ ላይ እጽፋለሁ። ስብሰባ ቢራዘም እንኳ አላጥፈውም።

የቆሎ ሻጮቹ ደረሰኝ ስለሌላቸው ወጪው ከአበላችን ነው፤ አምስታችንም እናዋጣለን። ጋሼ ደግሞ ከረሜላ በሸሚዝ ኪሳቸው ይይዛሉ። ከመኪና ሳንወርድ "ያሳዩኝ" እላቸዋለሁ። አውጥተው ያሳዩኛል።