የፈታሁት «ሃቭ»ን እንጂ ሚስቴን አይደለም

አለቃችን እንግሊዛዊት ናት። መጥታ ሁለት ሳምንት ሳይሞላት አንድ ኢሜይል ላክሁላት፦ «አይ ሃቭ ሴንት ዘ ሪፖርት የስተርዴይ»። ጎበዝ፣ በአማርኛ ቢሆን ምን ነውር አለው? «ትናንት ልኬዋለሁ» ብሎ የማያውቅ ድንጋይ ይወርውርብኝ። እሷ ግን ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። «የስተርዴይ» ካልክ ጊዜው አልፏል፣ «ሃቭ» አይገባም፣ «ሴንት» ብቻ ይበቃል አለችኝ። በትሕትና ነው። ግን ሰው እየሰማ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሃቭ»ን ፈታሁት። «አይ ኤት»፣ «አይ ዌንት»፣ «አይ ፊኒሽድ»። አጭር፣ ግልጽ። ወር ሙሉ ማንም አላረመኝም።

አንድ አርብ ምሳ ላይ ሽሮ ከበን የትዳር ወሬ ተነሳ። እኔም ኮራ ብዬ «አይ ወዝ ሜሪድ ፎር ቴን ይርስ» አልኩ። አለቃችን የጠቀለለችውን እንጀራ ትሪው ላይ መለሰችው። ትከሻዬን ነካ አድርጋ «አይ አም ሶ ሶሪ» አለች። የፈረንጅ ቀልድ መሰለኝ። አስር ዓመት ከአንድ ሰው ጋር! ከት ብዬ ሳቅሁና «ኖ ኖ፣ አይ አም ቬሪ ሃፒ!» አልኳት። ጭራሽ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ከዚያ በኋላ ኑሮ አማረልኝ። አርብ አርብ በጊዜ ውጣ እባላለሁ። ሪፖርት ሳዘገይ «አይዞህ፣ ጊዜ ይፈልጋል» ትለኛለች። እኔ ሥራዬ ተወዶ ነው ብዬ ሚስቴ ላይ ጉራዬን እነፋለሁ።

ዘንድሮ ለገና ግብዣ ቤተሰብ ይዛችሁ ኑ ተባልን። «ዚስ ኢዝ ማይ ዋይፍ» ስል አለቃችን ዓይኗ ፈጠጠ። «ኦ! ሶ ሱን?» ብላ አቀፈቻት።

የሚስቴ እንግሊዝኛ ከእኔ ይሻላል። «እንዲህ በቶሎ ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ በአማርኛ፣ ፈገግታዋን ሳታጠፋ። ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ።

ያዳነችኝ የሒሳብ ሠራተኛችን ናት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፦ «‹ወዝ› ካልክ እኮ አልቋል ማለት ነው። አሁንም አብራችሁ ከሆናችሁ ‹ሃቭ ቢን› ነው። እኛም ሚስቱን ፈታ ብለን ስናዝንልህ ከረምን!»

ላብ አጠመቀኝ። የፈታሁትን «ሃቭ» እዚያው ታርቄ፣ ቃል በቃል እየመጠንኩ፣ ጮክ ብዬ፦ «ዊ ሃቭ ቢን ሜሪድ ሲንስ ቱ ታውዘንድ ኤይት!» አልኩ። ሰዋስዉ እንከን አልነበረውም። «ሲንስ» እንኳ ቦታዋን አግኝታ ነበር።

አለቃችን ግን በጣቷ መቁጠር ጀመረች። እኛ የተጋባነው ጥር 2008 ነው፤ በእነሱ 2016። እሷ የሰማችው የራሷን 2008 ነው። ከዚህችኛዋ ጋር አስራ ስምንት ዓመት። ከዚያችኛዋ ጋር ደግሞ አስር።

ጣቷ ቆመ። ቀስ ብላ ወደ ሚስቴ ዞረች፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«አት ዘ ሴም ታይም?»