ሴበርን በፊደሎቿ ማንበብ

ጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ የሚያርፈው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ክንፉ ቀጥ ያለ ነው። ቦይንግ 737 ደግሞ ክንፉን ወደ ኋላ አጋድሏል። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ "ቲቸር፣ ለምን ይለያያሉ?" ብላ ጠየቀችኝ። ፊዚክስ ነው የማስተምረው። መልሱን ከኮሳይን ጀምሬ ኤፍ 86 ሴበር የምትባለው የድሮ የአሜሪካ ተዋጊ ጄት ላይ ደረስኩ። ክፍለ ጊዜው አልበቃኝም፤ የቀረውን እዚህ ልጻፈው።

የሴበር ክንፍ 35 ዲግሪ ወደ ኋላ ያጋደለ ነው። እንዲህ ያለ ክንፍ ላይ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ከፊት ጠርዙ ጋር 90 ዲግሪ የሚሠራው የአየር ፍጥነት ድርሻ ነው። የ35 ዲግሪ ኮሳይን 0.82 ነው። ስለዚህ አውሮፕላኗ በሰዓት 1,000 ኪሎ ሜትር ስትበር ለክንፏ 820 እንደሆነ ያህል ነው። አውሮፕላን ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጋ ክንፉ ላይ ሾክ ዌቭ (አየሩ በድንገት የሚታመቅበት ሞገድ) ይፈጠራል፣ ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይልም በአንዴ ይጨምራል። ያጋደለ ክንፍ ያንን መከራ ያዘገየዋል። ኪው 400 እዚያ ፍጥነት ስለማይደርስ ቀጥ ያለ ክንፍ ይበቃዋል።

ሴበርም መጀመሪያ የተነደፈችው በቀጥ ያለ ክንፍ ነበር። የሠራት ኖርዝ አሜሪካን የሚባለው ኩባንያ ነው፤ የንድፉ መሪም ከዚያ በፊት ሙስታንግ የሚባለውን ተዋጊ አውሮፕላን የነደፈው ኤድጋር ሽሙድ። ለባሕር ኃይሉ የሠሩት ፊዩሪ የሚባል ጄት ቀጥ ባለ ክንፍ 1946 እ.ኤ.አ. በረረ። የአየር ኃይሉ ንድፍ ግን ከሚፈለገው ፍጥነት እንደማይደርስ በስሌት ታወቀ። በዚያው ሰሞን ጀርመን ተሸንፋ የምርምር ወረቀቶቿ አሜሪካኖች እጅ ገብተው ነበር። ወረቀቶቹ ውስጥ ስለ ያጋደለ ክንፍ የተደረጉ ሙከራዎች አሉ። ሥራው ቢዘገይም ይዘግይ ብለው ክንፉን ቀየሩት። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ ደፋሩ ውሳኔ ይሄ ነው።

ጥቅምት 1 ቀን 1947 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ዌልች ካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ ሙሮክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አበረራት። ሊያርፍ ሲል የፊት ጎማው ሙሉ በሙሉ አልወርድ አለው። ዌልች አፍንጫዋን ከፍ አድርጎ በኋላ ጎማዎቹ ብቻ አሳረፋት። ፍጥነቷ ወድቆ አፍንጫዋ ዝቅ ሲል የፊት ጎማው ቦታው ገብቶ ተቆለፈ። በዓመቱ መስከረም ላይ ኤ የሚል ፊደል የተሰጣት የሴበር ስሪት በሰዓት 1,080 ኪሎ ሜትር በርራ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘች።

አሁን ወደ ፊደሎቹ፣ የሴበር ስሪቶች ወደሚለዩባቸው። ሰዎች ኤ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ዲ እያሉ እንደ መኪና ሞዴል ይደረድሯቸዋል። እኔ እንደማያቸው ግን እያንዳንዱ ፊደል ለአንድ ችግር የተሰጠ መልስ ነው።

ያጋደለ ክንፍ ፍጥነት ሲቀንስ ያስቸግራል። መጀመሪያ አየር የሚከዳው የክንፉ ጫፍ ነው። ጫፉ ደግሞ ከአውሮፕላኗ የክብደት ማዕከል ኋላ ስለሆነ፣ እሱ ሲከዳ አፍንጫዋ ሽቅብ ይነሳል። ለዚህ ኤ በክንፏ የፊት ጠርዝ ላይ ስላት የሚባል ተንቀሳቃሽ ቁራጭ ተገጠመላት። ስላቱ ሞተር የለውም። ፍጥነት ሲቀንስ በራሱ ወደ ፊት ይወጣል፤ ሲጨምር የአየሩ ግፊት መልሶ ያስገባዋል። እንዲህ ዓይነት ቀላል ብልሃት ሳይ ደስ ይለኛል።

ኢ የጭራውን ችግር ፈታች። ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጉ ሾክ ዌቭ አግድም ጭራው ላይ ይቀመጥና ከኋላው ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል ሥራውን ይተዋል። ፓይለቱ ዱላውን ይስባል፣ አውሮፕላኗ እሺ አትልም። ኢ ላይ አግድም ጭራው በሙሉ በሃይድሮሊክ እንዲንቀሳቀስ ተደረገ። በኮሪያ ጦርነት የገጠማት የሶቪየቱ ሚግ 15 ጄት ይሄ አልነበረውም። ሚጉ ከፍ ብሎ ይበራል፣ ፈጥኖ ይወጣል፣ መድፎቹም ከባድ ናቸው። ሴበር ግን በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ታዛዥ ነበረች፤ በራዳር የሚታገዝ ማነጣጠሪያም ነበራት። አሜሪካኖች 10 ለ 1 አሸነፍን ብለው ነበር። በኋላ የወጡ ጥናቶች ቁጥሩን በብዙ ዝቅ አድርገውታል፣ እኔም ለተማሪዎቼ ያንን የ10 ለ 1 ወሬ አልነግራቸውም።

ኤፍ የእኔ ምርጫ ናት። የኤ ሞተር ወደ 2,360 ኪሎ ግፊት ይሰጥ ነበር፤ የኤፍ ወደ 2,680 ደረሰ። ከዚያ ስላቱን አውጥተው የክንፉን የፊት ጠርዝ ከሥሩ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ከጫፉ 7.6 ሴንቲ ሜትር አስረዘሙት። በዚህች ጥቂት ጭማሪ አውሮፕላኗ ከፍታ ላይ በጠባቡ መዞር ቻለች። ዋጋው የተከፈለው በማረፊያ ነው፣ ፈጥና ማረፍ ነበረባት። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ለወጡት፣ ኤፍ 40 ለሚባሉት ሴበሮች፣ የክንፉን ጫፍ አርዝመው ስላቱን መለሱት። ፍጥነትና ማረፊያ እንዲህ ሲደራደሩ ኖረዋል።

ዲ ስሟ ሴበር ይሁን እንጂ መልኳ ሌላ ነው። አፍንጫዋ ላይ ራዳር፣ ኋላዋ አፍተርበርነር (ነዳጅ ጨምሮ በማቃጠል ግፊቱን የሚያሳድግ) አላት። መትረየስ የላትም፤ 24 ሮኬት ከሆዷ ትተኩሳለች። ከ2,500 በላይ ስለተሠሩ በብዛት ማንም ፊደል አይደርስባትም። ሌሎች አገሮችም ሴበርን በየራሳቸው ቀየሯት። ካናዳ ኦሬንዳ የሚባል የራሷን ሞተር ገጠመች። አውስትራሊያ ኤቨን የሚባለውን የሮልስ ሮይስ ሞተር ለማስገባት የአካሉን አብዛኛውን ክፍል እንደገና ነድፋ፣ በስድስቱ መትረየስ ፋንታ ሁለት ባለ 30 ሚሊ ሜትር መድፍ አደረገች። ታይዋን ደግሞ 1958 እ.ኤ.አ. በኤፍ ሴበሮቿ ሳይድዋይንደር ሚሳይል ተኩሳ ሚጎች ጣለች። በሚመራ ሚሳይል አውሮፕላን በአየር ላይ ሲመታ ያ የመጀመሪያው ነው።

የእኛም ኤፍ ነበረች። ኮሪያ ውስጥ ሴበር ሰማይ ላይ ስትዋጋ ቃኘው ሻለቃ መሬት ላይ ይዋጋ ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ በ1960 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ ኢትዮጵያውያን ደብረ ዘይት ላይ የዚያችው አውሮፕላን ኮክፒት ውስጥ ገቡ። ደብረ ዘይት ከባሕር ጠለል 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ አቅሙ ይቀንሳል፣ መንደርደሪያውም ይረዝማል። ያ የጨመረ ግፊት እዚህ አገር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አስቡት።

ጎረቤታችን ጋሼ በወጣትነታቸው እዚያ የምድር ቴክኒሻን ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ወደ ጅማ ተመለሱ። ቡና ስንጠጣ "ሞተሯን እንዴት ነበር የምታወጡት?" አልኳቸው። "ልጄ፣ ሞተሩን አይደለም መጀመሪያ የምታወጣው፣ ጭራዋን ነው" አሉኝ። በእጃቸው ጠረጴዛው ላይ እያሳዩ፦ "ከክንፏ ኋላ ያለውን አካሏን ፈትተህ በጋሪ ወደ ኋላ ትስበዋለህ። ያኔ ሞተሩ ራቁቱን ይቀራል።" ትክክል ናቸው፣ ሴበር የተሠራችው እንደዚያ ነው። ሲኒውን ወደ ጎን አድርገው የቧንቧዎቹን ቅደም ተከተል ሲነግሩኝ ጣቶቻቸው አልተሳሳቱም።

1961 እ.ኤ.አ. ኮንጎ ውስጥ የካታንጋ ተገንጣዮች አንዲት ፉጋ ማጂስተር ጄት ይዘው የተባበሩት መንግሥታትን ጦር አስጨነቁ። ድርጅቱ ጄት ያላቸውን አገሮች ለመነ። ኢትዮጵያ አራት ሴበር ላከች፣ ሕንድ ካንቤራ የሚባሉ ቦምብ ጣዮቿን፣ ስዊድን ቱናን የሚባሉ ተዋጊ ጄቶቿን። ቱናንም ክንፉ ያጋደለ ነው፣ ማዘንበሉ 25 ዲግሪ ብቻ ቢሆንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእኛን አየር ኃይል ያደራጁትና ያሠለጠኑት ስዊድናውያን ነበሩ። ኮንጎ ላይ ግን እኩል የተሰለፉ ሁለት አየር ኃይሎች ሆነው ተገናኙ። የቃኘውን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቃል፤ የእነዚህን አራት ሴበሮች ግን ክፍሌ ውስጥ የሰማ ተማሪ አላገኘሁም። ይሄ ያሳዝነኛል፣ ስለዚህ አሁን ኮሳይን ሳስተምር ኮንጎንም እጨምራለሁ።

1966 እ.ኤ.አ. ኤፍ 5 የሚባል ሌላ የአሜሪካ ተዋጊ ጄት ወደ አገራችን ሲመጣ የግንባር ቀደምነቱ ቦታ ለእሱ ሆነ። ቦሊቪያ ግን ሴበሮቿን እስከ 1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አበረረች።